ነጂው ወይስ መኪናው? ስለ አማተር የመኪና እሽቅድምድም ማብራሪያ

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። የተረቱ ምሥጢር ግልጽ ነው። ፈረስ ጌታውን ተሸክሞ እስከ ጦር ሜዳ ያደርሳል፤ ጦር የሚወረውረውና በጋሻ የሚመክተው ግን ሰውዬው ነው። ፈረሱ ብርቱ ሆኖ ጋላቢው ሰነፍ ቢሆን፣ የፈረሱ ብርታት ጌታውን ቶሎ ወደ ሞት ከማድረስ በቀር ሌላ ጥቅም አይሰጥም። በሌላ በኩል ደግሞ አንካሳ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ጀግና ገና መንገድ ላይ ሳለ ጦርነቱ ያልቃል።

ዛሬ በፈረስ ፈንታ መኪና ተተክቷል። የሞተሩን ኃይል ግን እስከ ዛሬ «የፈረስ ጉልበት» እያልን እንለካለን። ስለዚህ የጥንቱ ጥያቄ አብሮን መጥቷል። በመኪና እሽቅድምድም የሚያሸንፈው ማነው? ነጂው ነው ወይስ መኪናው?

በዚህ ዓመት በክፍላችን በዕረፍት ሰዓት ይህ ክርክር ተነሥቶ ብዙ ቀን ሰንብቶ ነበር። አንደኛው ወገን፣ «ብርቱ መኪና ያለው ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ስለዚህ ይህ የኪስ እሽቅድምድም እንጂ የሰው እሽቅድምድም አይደለም» ይል ነበር። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ጎበዝ ነጂ በምንም መኪና ቢሆን ያሸንፋል» እያለ ይከራከር ነበር። እኔም ከሁለተኛው ወገን ነበርሁ። በኋላ ግን ነገሩን ከፊዚክስ ትምህርታችንና ከእሽቅድምድም ታሪክ ጋር ሳስተያየው፣ ሁለቱም ወገኖች እውነቱን በግማሽ ብቻ እንደ ያዙ ተረዳሁ። የተረዳሁትንም ለትምህርት ጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ አማተር ማለት ምን እንደሆነ እንመልከት። አማተር ማለት ለደመወዝ ሳይሆን ነገሩን ወድዶ፣ በራሱ ገንዘብና በትርፍ ጊዜው የሚወዳደር ሰው ማለት ነው። ሰኞ በጋራዥ፣ በእርሻ ወይም በቢሮ ሥራው ላይ ይውላል፤ ቅዳሜና እሑድ መኪናውን ይዞ ወደ ውድድር ይሄዳል። የሚወዳደርበትም ዓይነት ብዙ ነው። በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች አውቶክሮስ የሚባል ውድድር አለ። በሰፊና ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ሾጣጣ የፕላስቲክ ምልክቶች ተደርድረው፣ ተወዳዳሪዎች አንድ በአንድ እየተነሡ በሰዓት ይለካሉ። ምልክቱን የነካ በአሜሪካው ደንብ በእያንዳንዱ ምልክት 2 ሰኮንድ ይጨመርበታል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሼልስሊ ዎልሽ በሚባል ቦታ ከ1905 ጀምሮ የዳገት ውድድር ይደረጋል። መንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እያንዳንዱ መኪና ለብቻው ዳገቱን ይወጣና ሰዓቱ ይመዘገባል። ከዚህ ሌላ በተዘጋ ዙሪያ መንገድ ላይ ብዙ መኪናዎች አንድ ላይ የሚሽቀዳደሙበት ውድድር አለ። እንደዚሁም በረጅም የአገር መንገድ ላይ የሚደረግ ራሊ የሚባል አለ።

እንግዲህ የነጂውና የመኪናው ድርሻ በእነዚህ ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀጥተኛው መንገድ በረዘመ ቁጥር የሞተሩ ድርሻ ያድጋል። ኩርባው በበዛ ቁጥር፣ መንገዱም በከፋ ቁጥር ደግሞ የነጂው ድርሻ ያድጋል።

አሁን መኪናው የሚሰጠውን እንመርምር። ብዙ ሰው የመኪናን ችሎታ የሚመዝነው በፈረስ ጉልበቱ ብቻ ነው፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። 100 የፈረስ ጉልበት ያለውና 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ መኪና አለ እንበል። ሌላው 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ሆኖ 1,500 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሁለቱም ለአንድ የፈረስ ጉልበት 10 ኪሎ ግራም ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ሲነሡ ያላቸው ፍጥነት የሚቀራረብ ነው። ከባዱ መኪና ግን ሲቆም ፍሬኑን ይበልጥ ያደክማል፤ ፍሬን ደግሞ በጣም ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል። በቁጥር ብልጫ ያለው መኪና በሥራ ላይ ብልጫ የማያሳይበት ጊዜ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሞተር ይልቅ ሰው የሚዘነጋው ጎማን ነው። ማንኛውም መኪና፣ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ መሬት የሚነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው። እያንዳንዱም ቦታ ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙም አይሰፋም። መኪናው የሚነሣውም፣ የሚቆመውም፣ የሚታጠፈውም በእነዚህ አራት መዳፎች አማካይነት ነው። በፊዚክስ ሰበቃ የምንለው ኃይል በዚያ ቦታ ካለቀ፣ ሞተሩ መቶም ሁለት መቶም የፈረስ ጉልበት ቢኖረው መኪናው ይንሸራተታል።

ነጂው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ጎማው ያለውን ኃይል እንደ አንድ የወር ደመወዝ ብንቆጥረው ነገሩ ይገባናል። ደመወዙ የተወሰነ ነው። ሙሉውን ለፍሬን ያዋለ ሰው ለመታጠፊያ የሚሆን አይተርፈውም። ሙሉውን ለመታጠፍ ያዋለ ደግሞ ፍሬን ቢይዝ ወይም ነዳጅ ቢሰጥ ከመንገድ ይወጣል። ጀማሪ ነጂ ዘወትር የሚሳሳተው በዚህ ነው። በጣም ዘግይቶ ፍሬን ይይዛል፤ ገና ፍሬኑን ረግጦ ሳለ መሪውን ይጠመዝዛል፤ መኪናውም መሪውን ትቶ ፊት ለፊት ይሄድበታል። በዚያን ጊዜ «ጎማው አይረባም» ይላል። ልምድ ያለው ነጂ ግን ቀጥታው ላይ ሳለ ፍሬኑን ይጨርሳል፤ መሪውን በጨመረ መጠን ፍሬኑን ቀስ እያለ ይለቃል፤ መሪውን በመለሰ መጠን ደግሞ ነዳጁን ቀስ እያለ ይሰጣል። አንዱን ሲቀንስ ሌላውን ይጨምራል እንጂ ከደመወዙ በላይ አያወጣም።

ሁለተኛው የነጂው ሥራ የመኪናውን ክብደት መጠበቅ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል፤ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መኪናው ሲታጠፍ ደግሞ ወደ ውጭው ወገን ይደገፋል። ውኃ የሞላ እንስራ አዝላ ከወንዝ የምትወጣ ሴት ድንገት ብትዞር ወይም ብትደናቀፍ ውኃው እንደሚፈስስ ሁሉ፣ ነጂውም እግሩንና እጁን ድንገት ቢያንቀሳቅስ የመኪናው ክብደት ይናወጣል። በኩርባ መካከል ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ያነሣ ሰው፣ የኋላው ጎማ ቀልሎት መኪናው ሲሽከረከርበት የሚታየው ስለዚህ ነው። የጎበዝ ነጂ መኪና ከውጭ ሲታይ የዘገየ የሚመስለው፣ ሰዓቱ ሲነበብ ግን ቀዳሚ ሆኖ የሚገኘው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ሦስተኛው ሥራ መንገድ መምረጥ ነው። ይህን በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። መኪና በኩርባ ላይ ሳይንሸራተት ሊሄድበት የሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት የሚገኘው የሰበቃውን መጠን፣ የመሬትን ስበትና የኩርባውን ራዲየስ አባዝተን ካሬ ሥሩን ስናወጣ ነው። ሰበቃው 0.8፣ ራዲየሱ 40 ሜትር ቢሆን፣ ፍጥነቱ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ነጂው ግን የመንገዱን ስፋት ሁሉ ተጠቅሞ ከውጭው ጠርዝ ቢነሣ፣ በኩርባው መካከል የውስጡን ጠርዝ ቢነካና እንደ ገና ወደ ውጭው ቢወጣ፣ የሚሄድበት ቅስት ይሰፋል። ራዲየሱ 60 ሜትር ከሆነለት ፍጥነቱ ወደ 78 ኪሎ ሜትር ያድጋል። ይኸውም ያለ አንዳች ወጪ የተገኘ 14 ኪሎ ሜትር ነው። በራዲየሱ ፈንታ የተሻለ ጎማ ተገዝቶ ሰበቃው ከ0.8 ወደ 0.9 ቢያድግ ግን፣ በ40 ሜትሩ ቅስት ላይ የሚገኘው ጭማሪ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሞተር ጉልበት የሚባል ነገር ከቶ አልገባም። የመኪናውም ክብደት ከሁለቱ ወገን ተጣፍቶ ይወጣል። በኩርባው መካከል ጎማውና ነጂው እንጂ ሞተሩ ብዙ ድምፅ የለውም።

«ታዲያ በቀጥታው መንገድ ላይ ሞተሩ አይቀድምም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ይህንንም እንቁጠረው። ከኩርባ በኋላ 300 ሜትር ቀጥታ መንገድ አለ እንበል። ሒሳቡ እንዲቀል የመኪናዎቹ የፍጥነት ጭማሪ በመንገዱ ሁሉ የማይለወጥ እናድርገው። የመጀመሪያው መኪና ደካማ ነው፤ በየሰኮንዱ ፍጥነቱን በሰኮንድ 3 ሜትር ያህል ይጨምራል። ነጂው ግን ኩርባውን አሳምሮ ስለ ወጣ የጀመረው በሰኮንድ 20 ሜትር ነው። ሁለተኛው መኪና በአሥር ከመቶ ይበረታል፤ በየሰኮንዱ 3.3 ሜትር ይጨምራል። ነጂው ኩርባውን አበላሽቶ ስለ ወጣ ግን የጀመረው በሰኮንድ 18 ሜትር ነው። ደካማው መኪና ቀጥታውን በ8.97 ሰኮንድ ሲጨርስ፣ ብርቱው በ9.09 ሰኮንድ ይጨርሳል። ብልጫው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ይህ የአንድ ኩርባ ብቻ ነው። አሥር ኩርባ ባለው መንገድ ላይ በየዙሩ ቢደጋገም ምን ያህል እንደሚሆን ማንም ሊገምት ይችላል።

ሆኖም ይህንኑ ሒሳብ እስከ መጨረሻው መከተል ይገባናል። ሁለተኛው መኪና በአሥር ከመቶ ሳይሆን በሃያ አምስት ከመቶ የሚበረታ ቢሆንስ? ያ ነጂ በተበላሸ አወጣጡ እንኳ ቀጥታውን በ8.73 ሰኮንድ ይጨርሳል፤ ጎበዙንም ነጂ ጥሎት ይሄዳል። እንግዲህ ጥበብ ሊሞላው የሚችለው ጉድለት ልክ አለው። የመኪናዎቹ ልዩነት ትንሽ ሲሆን ነጂው ይወስናል፤ ልዩነቱ ከልክ ሲያልፍ ገንዘብ ይወስናል። እኔም ክርክሬን ያሻሻልሁት ከዚህ ቁጥር ላይ ስደርስ ነው።

ከሒሳቡ ወደ ታሪኩ ብንመለስ፣ ከጎረቤታችን ከኬንያ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊትን የዘውድ በዓል ምክንያት በማድረግ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንጋኒካ ምድር ላይ ኮሮኔሽን ሳፋሪ የሚባል ውድድር ተጀመረ፤ በኋላም የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ተባለ። ተወዳዳሪዎቹ በብዛት እዚያው አገር የሚኖሩ የጋራዥ ሠራተኞች፣ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። መኪናዎቹ የሚመደቡትም በሞተራቸው መጠን ሳይሆን በመሸጫ ዋጋቸው ነበር። ርካሹ ከርካሹ፣ ውዱ ከውዱ ጋር እንዲወዳደር ማለት ነው። መንገዱ በብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ሆኖ አቧራ፣ ድንጋይና ወንዝ የበዛበት ነበር። ውድድሩ በዝናብ ወራት ሲውል ደግሞ ጭቃው መኪናውን እስከ ወገቡ ይውጠው ነበር።

በዚህ ውድድር በ1954፣ በ1957ና በ1962 ያሸነፈው መኪና እኛ ሁላችን የምናውቀው ትንሹ ቮልስዋገን ነው። የሞተሩ ኃይል ቢበዛ 40 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበር። በኃይልና በዋጋ የሚበልጡት መኪናዎች ጭቃ ውስጥ ሲቀሩ እሱ አልፎ ሄደ። ይህ የሆነው በነጂዎቹ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ቮልስዋገን ሞተሩ ከኋላ ጎማዎቹ ላይ ስለ ተቀመጠ በጭቃ ላይ ጎማው በደንብ ይይዝለታል፤ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለሆነም ውኃው ፈላብኝ፣ ራዲያተሬ ተበሳብኝ አይልም። ስለዚህ «የመኪና ችሎታ» ስንል ፍጥነት ብቻ ማለታችን አለመሆኑን እንማራለን። ለቦታው መስማማትና መጽናትም ችሎታ ነው።

በ1963 የነበረው ሳፋሪ ከሁሉ የከፋ ነበር። 84 መኪናዎች ተነሥተው ዳር የደረሱት 7 ብቻ ናቸው። ያሸነፉት ኒክ ኖዊኪና ጓደኛው ፓዲ ክሊፍ በፔጆ 404 ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1968 እንደ ገና ዝናቡ በረታና እንደ ገና 7 መኪናዎች ብቻ ጨረሱ። በዚያም ዓመት ያሸነፉት እነዚያው ኖዊኪና ክሊፍ፣ በዚያው ዓይነት ፔጆ 404 ነበር። አንድ ጊዜ ቢሆን ዕድል ነው ይባል ነበር፤ በሁለቱ ክፉ ዓመታት እነዚያው ሰዎች መገኘታቸው ግን ዕድል ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ የመኪናውንም ዋጋ መርሳት አይገባም፤ በ1966ና በ1967 ሌሎች ነጂዎች ያሸነፉት በዚሁ በፔጆ 404 ነበርና።

የ1965ቱ አሸናፊ ጆጊንደር ሲንግ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል። ጆጊንደር ኬሪቾ በምትባል የኬንያ ከተማ የተወለደ፣ በአባቱ ጋራዥ በመካኒክነት ያደገ ሰው ነው። በዚያ ዓመት ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር ሆኖ በቮልቮ PV544 አሸነፈ፤ መኪናው አዲስ አልነበረም፤ ቀድሞ ሌሎች ተወዳድረውበት የቀረ ነበር። በ1974 ደግሞ በአነስተኛ ሚትሱቢሺ ላንሰር ተወዳድሮ፣ ዝነኛውን የስዊድን ነጂ ቢዮርን ቫልደጎርድንና የነዳውን ፖርሽ 911 ሁለተኛ አድርጎ አስቀርቷል። በ1976ም ደገመው። ከተወዳደረባቸው 22 ሳፋሪዎች 19ኙን ጨርሷል። ምሥጢሩ መኪናን እንደ መካኒክ ማወቁ ነበር። ባሌስትራው የሚሰበርበትን ድንጋይ ከሩቅ አይቶ ይዘገያል፤ መንገዱ ሲያምር ይፈጥናል። መኪናውን የሚያዝንለት ሰው መኪናው ዳር ያደርሰዋል።

በዚያው ዘመን ከአውሮፓ የሚመጡ ታላላቅ ነጂዎች በሳፋሪ ላይ ሳይቀናቸው ይመለሱ ነበር። የሞንቴ ካርሎን ራሊ በ1962ና በ1963 ያሸነፈው ስዊድናዊው ኤሪክ ካርልሰን እንኳ በሳፋሪ ከሁለተኛነት አላለፈም። ከውጭ አገር መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ1972 ሃኑ ሚኮላ የተባለ የፊንላንድ ሰው ነው፤ እሱም በፎርድ ፋብሪካ ቡድን ተደግፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁኔታው እየተለወጠ ሄደ። ፋብሪካዎች ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ መካኒክና ብዙ መለዋወጫ ይዘው ገቡ። ከ1984 እስከ 1986 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ያሸነፈው ቶዮታ ሴሊካ ነው፤ በ1985 መሪውን የያዘው ዩሃ ካንኩነን ሳፋሪን ሲሞክር የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ካንኩነን በኋላ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ታላቅ ነጂ ስለሆነ ድሉ የመኪናው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን በራሱ ጋራዥ መኪናውን አድሶ የሚመጣው የአገር ሰው ከእንደዚህ ያለ ቡድን ጋር እኩል ሊቆም አልቻለም። በሒሳቡ ያየነው የሃያ አምስት ከመቶ ነገር በታሪክም ደረሰ ማለት ነው።

እንግዲህ ውድድሩ የሀብታም ብቻ እንዳይሆን ምን ይደረጋል? አዘጋጆች ሦስት መንገድ አግኝተዋል።

አንደኛው መመደብ ነው። ትንሽ ሞተር ያለው ከትንሽ፣ ትልቅ ሞተር ያለው ከትልቅ ጋር ይወዳደራል። ቀላልና ጥሩ መንገድ ነው፤ ነገር ግን በአንዱ ምድብ ውስጥም ቢሆን ደንቡን እስከ ጫፍ ድረስ የሚጠቀም ባለገንዘብ አይጠፋም።

ሁለተኛው በሒሳብ ማካካስ ነው። በ1964 በሞንቴ ካርሎ ራሊ ፓዲ ሆፕከርክ 1,071 ሲ.ሲ. ሞተር ባለው ትንሹ ሚኒ ኩፐር ሲያሸንፍ፣ ቦ ሊውንግፌልት የነዳው 4.7 ሊትር ሞተር ያለው ፎርድ ፋልከን በተራራው የሰዓት ውድድር ላይ ፈጣን ነበር። ነገር ግን ደንቡ የሞተሩን መጠን የሚያካክስ ስለ ነበረ ድሉ ለሚኒ ሆነ። ይህ ደንብ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ለክርክር የሚመች ነው። ማካካሻውን የሚወስነው ሰው ስለሆነ፣ አሸናፊው በከፊል በወረቀት ላይ ይመረጣል ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው መንገድ ለሁሉም አንድ ዓይነት መኪና መስጠት ነው። በ1956 አርት ኢንግልስ የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ የሣር ማጨጃ ሞተር በትንሽ የብረት ክፈፍ ላይ ገጥሞ ካርት የሚባለውን ሠራ። እንደዚሁም በ1963 በአሜሪካ ፎርሙላ ቪ የሚባለው ውድድር በደንብ ተቋቋመ፤ መኪናው የሚሠራው ከዚያው ከትንሹ ቮልስዋገን ሞተርና ክፍሎች ነው። በኋላም ማዝዳ ሚያታ የተባለው ከ1989 ጀምሮ የተሸጠ ትንሽ መኪና ለዚሁ ዓላማ ውሏል። የእነዚህ ሁሉ ሞተር ደካማ ነው። ደካማነቱ ግን ለትምህርት ጥቅም አለው። በኩርባ ላይ ያባከኑት ፍጥነት ቶሎ ስለማይመለስ ስሕተት ወዲያው ይታያል፤ ብርቱ መኪና ግን ስሕተትን ይሸፍናል። ኤመርሰን ፊቲፓልዲ፣ ኒኪ ላውዳና ኬኬ ሮዝበርግ በፎርሙላ ቪ ነድተው ቆይተው በኋላ የፎርሙላ አንድ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። እንደዚህ ባለ ውድድር መኪናዎቹ አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ብዙ ሰኮንድ ይገኛል። ያን ልዩነት በመኪና ማመካኘት አይቻልም።

በአማተሮች ዘንድ ሌላም የታወቀ ፈተና አለ። ጀማሪው መኪናውን እየነዳ ሰዓቱ ይመዘገባል፤ ከዚያም በዚያው መኪና፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቀን አስተማሪው ይነዳል። ብዙውን ጊዜ የአስተማሪው ሰዓት በጥቂት ሰኮንዶች ያንሳል። ጀማሪው መኪናዬ ማድረግ አይችልም ያለውን መኪናው ሲያደርገው ያያል። ይህን ያየ ሰው ገንዘቡን በምን ላይ ማዋል እንዳለበት ሌላ ሰው ሊመክረው አያስፈልግም። በመጀመሪያ ለትምህርትና ለልምምድ፣ ቀጥሎ ለጥሩ ጎማና ለጥሩ ፍሬን፣ የሞተር ጉልበት ለመጨመር የሚወጣው ወጪ የመጨረሻው መሆን አለበት።

ከላይ የተናገርሁት ሁሉ ስለ ጨዋታ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ከጨዋታው ውጭ የሚያሳስበኝ ነገር ስላለ ነው ይህን የጻፍሁት። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚሞትና ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው መሆኑን ገልጿል። ይህ የእኛ የእኩዮቻችን ዕድሜ ነው። ከእኛ መካከል መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚጠባበቁ ብዙዎች ናቸው፤ የምንነጋገረውም ስለ መሪ አያያዝ ሳይሆን ስለ ሞተር ጉልበት ነው። የዛሬ መኪና ፍሬኑ ጎማውን እንዳይቆልፍ፣ መኪናውም እንዳይሽከረከር የሚቆጣጠር መሣሪያ አለው። ይህ ብዙ ሕይወት የሚያድን ነገር ነው፤ ነገር ግን ያልተማረውን ሰው የተማረ ያስመስለዋል። የተፈጥሮ ሕግ ደግሞ አይለወጥም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ32 ሜትር ያህል የሚቆም ቢሆን፣ በ100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 50 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ በአንድ አራተኛ አደገ፤ መቆሚያው ግን ከግማሽ በላይ አደገ። በውድድር ሜዳ ላይ ይህን የረሳ ሰው ፕላስቲክ ምልክት ይገጫል፤ በመንገድ ላይ የረሳ ግን ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ይገጫል። ስለዚህ የነጂነት ጥበብ መፈተኛው ቦታ የተዘጋ ሜዳ እንጂ የሕዝብ መንገድ አይደለም።

በመጨረሻም ወደ ክፍላችን ክርክር ልመለስ። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ አሸነፈ። በ1964 በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ አሸነፈ። አበበን አበበ ያደረገው ጫማው እንዳልሆነ ሮማ ምስክር ናት። ይሁን እንጂ ጫማ ለሯጭ አይጠቅምም ብሎ የሚከራከር ሰው የለም። መጀመሪያ ሯጩ ተገኘ፤ ጫማው በኋላ መጣ። በመኪናም ነገር ትክክለኛው ተራ ይኸው ይመስለኛል። መኪናው እስከ የት መድረስ እንደሚቻል ይወስናል፤ እዚያ የሚደርሰው ግን ነጂው ነው፤ አብዛኞቻችንም መኪናችን ወደሚችለው ወሰን ሳንደርስ የምንቀር ነን።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። ፈረሱን ከመለወጣችን በፊት ግልቢያውን እንማር።